ሰዓት ልቀንስ ወይስ አናቶሚን ልተው? በ43 ዓመቴ ኮሌጅ ገብቼ ተጨናንቄያለሁ

የማታ ሺፍት፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። 43 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ውስጥ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ ነው የምሠራው፣ በፈረንጅ ሰዓት ከ3 እስከ 11። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ስለዚህ የቤተሰቡ የጤና ኢንሹራንስ ያለው በእኔ ሥራ ነው። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው "ሥራውን ቀንሺዋ" ብሎ ነው የሚጀምረው።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ የገባሁት አምና ነው፣ ሐሳቤ ነርሲንግ ነው። በዚህ ሴሚስተር 13 ክሬዲት ይዣለሁ፦ አናቶሚ 4፣ እንግሊዝኛ 3፣ ሳይኮሎጂ 3፣ ስታቲስቲክስ 3። ጠዋት ልጆቹን ሸኝቼ ክፍል እገባለሁ፣ ከዚያ በቀጥታ ሥራ፣ ማታ ስመለስ ሁሉም ተኝቷል፣ ሻወር ወስጄ መጽሐፌን እከፍትና እዚያው ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል።

አናቶሚ ነው የገደለኝ። አጥንቶቹን እወዳቸዋለሁ እንኳን፣ የማጥባቸውን ሽማግሌዎች ክንድ ስይዝ ራዲየስ፣ አልና እያልኩ በልቤ እጠራለሁ። የሚያስቸግረኝ የላብ ፈተናው ነው። በየጠረጴዛው ሞዴል ተደርድሯል፣ ላዩ ላይ ቁጥር ተለጥፏል፣ ትንሽ ደቂቃ ይሰጡሻል፣ ደወሉ ሲጮህ ወደሚቀጥለው ትሄጃለሽ። እኔ ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ሆኖ ስታገል አጠገቤ ያሉት የ19 ዓመት ልጆች ጽፈው ጨርሰዋል። ስፔሊንጉ ከተሳሳተ ደግሞ ነጥብ የለም።

በዚህ ላይ አዲስ ሱፐርቫይዘር መጥታ ስኬጁሉን እንደፈለገች ትቀያይረዋለች። ቅዳሜ ደብል (ሁለት ሺፍት በተከታታይ) አልሠራም ካልኳት ታኮርፋለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከዚያ ለቅሶ፣ ክርስትና፣ የማኅበር ተራ... "ጠፋሽ እኮ" የሚለኝ ሰው በዝቷል።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ሥራ ቀንሼ (ኢንሹራንሱስ?) ሁሉንም ኮርስ ልያዝ? ወይስ አናቶሚን ዊዝድሮው ላድርግ (ልተወው)? ደብሊው (ኮርስ ለተወ ሰው በውጤት ቦታ የሚጻፈው) ካለብሽ ነርሲንግ ፕሮግራም አይቀበልሽም የሚሉኝ አሉ። ፔል ግራንቱን (የፌዴራል መንግሥቱን የትምህርት እርዳታ) መልሺ ትባያለሽ የሚሉኝም አሉ። ያለፈበት ሰው ይንገረኝ።

ፌርፋክስ ነኝ፦

እህቴ፣ እኔ ተማሪ እያለሁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ስለ ገንዘቡ ልንገርሽ። የአናቶሚውን ሌሎች ይንገሩሽ።

መጀመሪያ የኮሌጁን ካላንደር ክፈቺ። በቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ የተውሽው ኮርስ ደብሊው ይጻፍበታል። ከዚያ በኋላ ከሆነ ከባድ ምክንያት በማስረጃ ካላቀረብሽ ኤፍ ነው። ዝም ብሎ መቅረት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ብዙ አበሻ የሚጎዳው በእሱ ነው። "ከቀረሁ ያወጡኛል" ብለው ያስባሉ።

ደብሊው ጂፒኤ አይነካም። ግን ሳፕ የሚባል ነገር አለ። የፌዴራል እርዳታ የሚወስድ ተማሪ በአብዛኛው ኮሌጅ ከያዘው ክሬዲት 67 በመቶውን መጨረስ አለበት፣ ጂፒኤውም 2.0 መሆን አለበት። ደብሊው ያገኘሽበት ኮርስ እንደተያዘ ይቆጠራል፣ እንደተጨረሰ ግን አይቆጠርም። ያንቺን ላስላው፦ ከ13 ክሬዲት አናቶሚን ብትተዪ 9 ይቀርሻል፣ 69 በመቶ መሆኑ ነው። ጠርዝ ላይ ነሽ። ስታቲስቲክስን ብትተዪ 10 ይቀርሻል፣ 77 በመቶ። የአምናውም አብሮ ስለሚደመር አምና ሁሉንም ከጨረስሽ ብዙም አትስጊ።

ፔሉን መልሺ ትባያለሽ ያሉሽ ሁሉንም ኮርስ ጥሎ ስለወጣ ሰው ሰምተው ይሆናል። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ጠቅላላ የወጣ ሰው አዎ፣ የተወሰነው ይመለሳል። አንድ ኮርስ ከሴንሰስ ቀን (ኮሌጁ የያዝሽውን ክሬዲት ለእርዳታው ከሚቆጥርበት ቀን) በኋላ መተው ግን ብዙ ጊዜ የዚያን ሴሚስተር ፔል አይነካም። ቢሆንም ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ቢሮው ሄደሽ ጠይቂ፣ መልሱንም በኢሜይል ይላኩልሽ። በቃል የተባለ ነገር ነገ ማን አለ ይሉሻል።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር ደግሞ ይሄን እወቂ። ከ2024-25 ጀምሮ ፔል የሚሰጠው በክሬዲትሽ ልክ ነው። 12 ሙሉ ነው፣ 9 ብትይዢ 75 በመቶ፣ 6 ብትይዢ ግማሽ። የዕድሜ ገደብ የለውም። በጠቅላላው የ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ነው የሚፈቀድልሽ፣ 9 ስትይዢ ግን የሚቆጠርብሽም በዚያው ልክ ነው። ስለዚህ ቀስ ማለት ፔልሽን አያስበላሽም። ጂ ስሪ የሚባለውንም ጠይቂ፣ ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ ለጤናና ለሌሎች ተፈላጊ ሙያዎች የምትሰጠው ነው፣ ፔል ያልሸፈነውን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል።

ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር ልጨምርልሽ። ፋፍሳ (የእርዳታው ማመልከቻ ፎርም) የሚያየው የዛሬን ገቢሽን አይደለም። ለ2026-27 የሚታየው የ2024 ታክስ ነው። ዛሬ ሰዓት ብትቀንሺም ወረቀቱ ላይ ያ ሁሉ ኦቨርታይም እንዳለ ነው። ቢሮው ሄደሽ ገቢዬ ቀንሷል፣ "ፕሮፌሽናል ጃጅመንት" (ጉዳዬ በልዩ ይታይልኝ) እፈልጋለሁ በያቸው፣ የቅርብ ጊዜ ቼክ ስታብ (የደመወዝ ወረቀት) ይዘሽ ሂጂ። ካልጠየቅሽ ማንም አይነግርሽም።

የጋራዡ ሰው፦

እኔ ዲሲ ፓርኪንግ ጋራዥ እየሠራሁ ነው አካውንቲንግ የጨረስኩት፣ ስመረቅ ሃምሳን አልፌ ነበር። በልጄ ዕድሜ ያለ አስተማሪ አስተምሮኛል፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ።

"ሥራ ቀንሺ" አልልሽም፣ ኢንሹራንሱ የልጆች ነገር ነው። ግን ሥራ እና ኦቨርታይም ይለያያሉ። 50 እና ከዚያ በላይ ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያለው ድርጅት በሕግ ኢንሹራንስ ማቅረብ ያለበት በሳምንት በአማካይ 30 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ነው። ከ40 ወደ 32 ብትወርጂ ኢንሹራንሱ ሊቀጥልልሽ ይችላል ማለት ነው። ሱፐርቫይዘሯን አትጠይቂ፣ ኤችአርን (የሰው ኃይል ክፍሉን) ጠይቂ። በዚያው ቱሽን አሲስታንስ አላችሁ ወይ በያቸው። አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ለትምህርትሽ ቢከፍልልሽ ታክስ የለበትም። ብዙ ነርሲንግ ሆም ነርስ አጥቶ እያለቀሰ ይሄን ገንዘብ አስቀምጦታል፣ ሲኤንኤዎቹ ግን አያውቁትም።

ታክስ ስታሠሪ ደግሞ ከኮሌጁ የሚመጣውን 1098-ቲ (የትምህርት ክፍያ ወረቀት) አትርሺ። አሜሪካን ኦፖርቹኒቲ የሚባለው የታክስ ክሬዲት (የታክስ ቅናሽ) በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ነው፣ ለአራት ዓመት፣ ቢያንስ ግማሽ ጊዜ ለሚማር። በዕርዳታ የተከፈለው አይቆጠርም፣ ከኪስሽ የገዛሽው መጽሐፍ ግን ይቆጠራል። ታክስ የሚሠራልሽ ሐበሻ ካልጠየቀሽ አንቺ ንገሪው። እኔ አሁን ሥራዬ ይኸው ነው፣ በየዓመቱ ደረሰኙን ጥሎ የሚመጣ ተማሪ ያናድደኛል።

የቅዳሜውን ደብል ግን ቁረጪው። ታኩርፍ! ሰው አጥሯቸው ነው የሚለማመጡሽ፣ አያባርሩሽም። ለቅሶው ላይም እንዲሁ። እኛ ማኅበር ውስጥ እስክመረቅ ተራዬን በገንዘብ እሰጥ ነበር፣ መጀመሪያ አሙኝ፣ በኋላ ተውኝ። የቅርብ ሰው ሲሞት ትሄጃለሽ። የጎረቤት የአክስት ልጅ አማት ሲሞት ስልክ ይበቃል።

ቀጥተኛው፦

ሁላችሁም ስለ ገንዘብ ነው የምታወሩት። እኔ የምጠይቃት ሌላ ነው። ነርሲንግ የፈለግሽው አንቺ ነሽ ወይስ ሐበሻ ሁሉ ነርሲንግ ስለሚል ነው? አናቶሚ እኮ መግቢያው ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ስትገቢ ክሊኒካል አለ፣ ብዙ ጊዜ በቀን ነው፣ ሙሉ ቀን ሆስፒታል ትቆሚያለሽ፣ ቀኑን የምትመርጪው አንቺ አይደለሽም። አሁን በ13 ክሬዲት ከታመምሽ ያኔ ምን ልትሆኚ ነው? ኤልፒኤን (ከአርኤን ዝቅ ያለ ደረጃ ነርስ) ሆነሽ ደመወዝሽ ከፍ ካለ በኋላ በብሪጅ (በማሸጋገሪያ ትምህርት) ወደ አርኤን (ሙሉ ነርስ) መግባት አለ። አጭር ነው። እህቴ እንደዚያ ነው ያደረገችው፣ የኤልፒኤን ገንዘብ ነው አርኤኑን ያስጨረሳት።

አትቀየሚኝ፣ የሚያባብልሽ ሰው ብዙ ነው።

ሸገር ኤክስቴንሽን፦

እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው፣ ስለ ፔሉ ምንም አላውቅም። ቀን ባንክ እሠራለሁ፣ ማታ የግል ኮሌጅ እማራለሁ። እዚህ እርዳታ ሚርዳታ የለም፣ በክሬዲት አስበው ከደመወዝሽ ትከፍያለሽ። ሁሉን ጨርሰሽ ደግሞ የመውጫ ፈተና ይጠብቅሻል። በእኛ አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊይዝ ያለ ሁሉ ይፈተናል፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ የአራት አምስት ዓመት ትምህርት በአንድ ፈተና። የመጀመሪያ ዓመት የተማርኩትን አሁን ቁጭ ብዬ እከልሳለሁ።

አንድ የጠቀመኝን ልንገርሽ። ማስታወሻዬን በራሴ ድምፅ ስልኬ ላይ እቀዳለሁ፣ ጥያቄውን እልና ትንሽ ዝም እላለሁ፣ ከዚያ መልሱን። ማታ ከክፍል ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም እሱን አዳምጣለሁ፣ ዝምታው ላይ በልቤ እመልሳለሁ። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ አንድ ምዕራፍ ያልቃል። አንቺ መኪና ውስጥ አድርጊው። ለስፔሊንጉ ግን እጅ ነው የሚያስፈልገው፣ ካልጻፍሽው አይያዝም።

የማታ ሺፍት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ዛሬውኑ ኤችአር ጻፍኩላቸው። ቱሽን አሲስታንስ አለ! ስንት ዓመት ስሠራ ማንም አልነገረኝም። ግን ተከፍሎልሽ ከጨረስሽ በኋላ እዚሁ መሥራት አለብሽ የሚል ውል አለው፣ እሱን ሳላነብ አልፈርምም።

ፌርፋክስ፣ ያሰላሽልኝ ነገር ዓይኔን ገለጠልኝ። እኔ የማስበው የሚከብደውን መተው ብቻ ነበር። ስታቲስቲክስ በሰመርም ይሰጣል፣ አናቶሚን ግን ብተወው ሁለተኛው አናቶሚ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ሁሉም አብሮት ይገፋል። ስለዚህ ስታቲስቲክሱን ነው የምተወው። ቢሮው ነገ እሄዳለሁ።

ቀጥተኛው፣ አልተቀየምኩም። ነርሲንግ የፈለግሁት እኔ ነኝ። ሥራ ላይ ሰውየው ትንፋሽ ሲያጥረው መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ፣ ከዚያ ነርሷን ጠርቼ ዳር እቆማለሁ። ዳር መቆሙ ሰልችቶኛል። የኤልፒኤኑን ግን አስብበታለሁ፣ እህትህ የት ተማረች?

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፣ ቤይለር የሠራ ሰው አለ? ቅዳሜና እሑድ ረጅም ሺፍት ሠርተሽ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነፃ ነሽ ይላሉ፣ የእኛም መሥሪያ ቤት አለው።

ቀጥተኛው፦

እህቴ የተማረችው ሜሪላንድ ነው፣ ላንቺ ይርቅሻል። ቤይለር እሷም ሠርታለች። ለትምህርት እንደሱ የለም፣ ክሊኒካሉም በሥራ ቀን ከሆነ አይጋጭም። አንዳንድ ቦታ ከሠራሽው ሰዓት በላይ ይከፍሉሻል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከቀረሽ ጉርሻውን ሁሉ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ሕጉን አንብቢ። ኢንሹራንሱም እንደ ሙሉ ጊዜ ይቆጠር እንደሆነ ጠይቂ። ጉዳቱ እሑድሽ ይሄዳል፣ ልጆችሽን የምታያቸው በሥራ ቀን ማታ ነው።

የጋራዡ ሰው፦

ቅዳሴ በሥራ ቀንም አለ። ውሉን ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር እዪ፦ ብትለቂ ሙሉውን ትመልሻለሽ ነው ወይስ በሠራሽው ወር ልክ እየቀነሰ ይሄዳል? ሙሉውን ከሆነ ተይው።

አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባና፣ ኢትዮጵያ ያለኝ ኮንዶሚኒየም ፋፍሳ ላይ ይቆጠራል እንዴ? አከራይቼዋለሁ።

ፌርፋክስ ነኝ፦

የምትኖርበት ቤት ነው የማይቆጠረው። ሌላው፣ የትም አገር ይሁን፣ እንደ ኢንቨስትመንት ነው የሚታየው። ገቢህ ዝቅተኛ ከሆነ ግን ፎርሙ ስለ ንብረት ጭራሽ ላይጠይቅህ ይችላል። የኪራዩ ገቢ ታክስ ላይ መግባት አለበት፣ እሱን ጋሼን ጠይቅ። ደግሞ ለራስህ ሌላ ጥያቄ ክፈት ወንድሜ፣ የእህታችንን አታበላሽባት።