ቀለበት ክንፉ ሞተር ሲነሳ ይሽከረከራል፤ ለነገ ጠዋት ድረሱልኝ

ወረቀት ክንፍ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄና ጓደኞቹ ነገ ጠዋት ሊያዩት ቀጠሮ ይዘዋል፤ በእጄ የሠራሁት ባለ ቀለበት ክንፍ የመጫወቻ አውሮፕላን ግን በሞተር አልበር አለኝ። ከእጄ ለቅቄው ኃይል ስጨምር ወደ ግራ ይገለበጥና እንደ እንዝርት እየሾረ መሬት ይገባል። ሰርቮዎቹ (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ትናንሽ ሞተሮች) ይታዘዛሉ፣ ኤይለሮኖቹም (ግራና ቀኝ የሚያጋድሉት የክንፍ ተንቀሳቃሾች) ይንቀሳቀሳሉ፣ እሱ ግን አይሰማም። ሦስት ጊዜ በሙጫ ጠግኜዋለሁ፤ ለአራተኛ ጊዜ የሚጠገን ቦታ አልቀረውም። ምን ላድርግ?

ባለሙጫው፦
አፍንጫው ላይ ክብደት ጨምር።

ዙሪያ ገጠም፦
ቀለበት አጥልቆም ዙረት አላቆመም? ሽማግሌ ይላክበት እንጂ ሙጫ ምን ያደርግለታል።

እትዬ ብሎን፦
የጻፍከው ሁሉ ስለ አወዳደቁ ነው፤ ስለ አውሮፕላኑ አንድ ቃል የለም። ቀለበቱ ስንት በስንት ነው? ባትሪው የት ተቀምጧል? ኤይለሮን የምትላቸውን የቀለበቱ የትኛው ቦታ ላይ ቆረጥካቸው? ሞተሩን አጥፍተህ ስትወረውረውስ ይሾራል?

ጋሼ መዝገብ፦
ወጣቶች ሆይ፣ ይህ የዛሬ ችግር አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1906 ፈረንሳዊው ሉዊ ብሌሪዮ ከጋብሪኤል ቮይዘን ጋር ሆኖ ከፊትና ከኋላ ሞላላ ቀለበት ክንፍ ያለው አውሮፕላን ሠራ። በአንጊየን ሐይቅ ላይ ሞከሩት፤ ከውኃው አልተነሳም። ያው ሰው ጁላይ 25 ቀን 1909 ፈረንሳይንና እንግሊዝን የሚለየውን ባሕር ሲሻገር የበረረው እንደ ማንኛውም ወፍ ግራና ቀኝ በተዘረጋ ክንፍ ነበር። ከዚያ ልክ 50 ዓመት ቆይቶ፣ ጁላይ 25 ቀን 1959፣ ስኔክማ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የሠራው ኮሌዮፕቴር ተከሰከሰ። ስሙ በፈረንሳይኛ ጥንዚዛ ማለት ነው። በቀለበት ክንፍ ውስጥ የተቀመጠ የጄት ሞተር ነበረው፤ በጭራው ቆሞ ይነሳል፣ ከኋላው አራት ትናንሽ ክንፎች ወደ ውጭ ተተክለውበታል። ከቁም ወደ አግድም በረራ ሊሸጋገር ሲሞክር ከቁጥጥር ውጭ ሆነ፤ አብራሪው በመቀመጫው ተስፈንጥሮ ወጥቶ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። የቀኑን መግጠም ልብ በሉ።

ቀጥ ያለ፦
እኔ ደግሞ ከሥሩ ልጠይቅ። ቀለበት ለምን አስፈለገ?

ወረቀት ክንፍ፦
ጫፍ የለውማ። ጫፍ ከሌለ በክንፍ ጫፍ የሚፈጠረው የአየር አዙሪት የለም፣ አዙሪት ከሌለ ባትሪ ይቆጥባል።

እትዬ ብሎን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተጣድፌ ነው። የቀለበቱ ስፋት 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊት ወደ ኋላ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። በመሐሉ የእንጨት ዘንግ ያልፋል፤ ሞተሩ ከዘንጉ ፊት፣ ባትሪው እዚያው ዘንጉ ላይ ታስሯል። ፕሮፔለሩ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ኤይለሮኖቹ በቀለበቱ ግራና ቀኝ ጎን፣ በኋለኛው ጠርዝ ላይ ናቸው። ያለ ሞተር ስወረውረው አሥር እርምጃ ያህል ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ባለሙጫው፦
አፍንጫው ላይ ክብደት ብትጨምር ይስተካከላል።

ቀጥ ያለ፦
ጫፍ የለውም ማለት አዙሪት የለውም ማለት አይደለም። ክብደት የሚሸከም ክንፍ ሁሉ ከኋላው አዙሪት ይተዋል፤ ቀለበትም ከዙሪያው ሁሉ ይተዋል። እውነት ነው፣ በንድፈ ሐሳብ ተመሳሳይ ስፋት ካለው ቀጥ ያለ ክንፍ ጋር ሲነጻጸር ያንኑ ክብደት ተሸክሞ በአዙሪቱ ምክንያት የሚደርስበት መጎተት ግማሽ ነው። ግን መቀስህን አንሳና ቀለበቱን ቆርጠህ ዘርጋው፤ 126 ሴንቲ ሜትር ነው። በ40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ከሦስት እጥፍ በላይ ፎም ከአየር ጋር እያፋተግህ ነው። በአዙሪት ያተረፍከውን በሰበቃ ትከፍለዋለህ።

ዙሪያ ገጠም፦
ሰውየው የነገን ጠዋት ጠየቀ፣ እናንተ ፍቺ ትመክሩታላችሁ።

እትዬ ብሎን፦
ጋሼ መዝገብ ሳያስቡት መልሱን ተናግረዋል፤ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ይህን ሞክር። ከፕሮፔለሩ ኋላ ሆነህ ዘንጉን በሁለት ጣት ያዝ፣ ሞተሩን እስከ ግማሽ አስነሳ፣ ከዚያ ኤይለሮኖቹን ግራና ቀኝ አንቀሳቅስ። ጣትህ ምን ይሰማዋል?

ወረቀት ክንፍ፦
ሞክሬ መጣሁ። ሞተሩ ሲነሳ ዘንጉ በጣቶቼ መሐል ወደ ግራ ይጠመዘዛል፤ አጥብቄ ካልያዝኩት ያመልጠኛል። ኤይለሮኖቹ ይርገበገባሉ፣ ጥምዘዛው ግን ቅንጣት አይለወጥም።

እትዬ ብሎን፦
እንደጠረጠርኩት ነው። ከኋላ ሲታይ ፕሮፔለርህ ወደ ቀኝ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑን ወደ ግራ ይጠመዝዘዋል። ቀጥ ያለ ክንፍ ቢሆን ሲገለበጥ አየሩን እንደ መቅዘፊያ ይመታና ይዘገያል። ቀለበት ግን በራሱ ዘንግ ላይ ሲዞር አየሩ ነገሬም አይለው። ኤይለሮን ያልካቸውም ኤይለሮን አይደሉም። የቀለበት ገጽ የትም ቦታ ላይ የሚገፋው ወደ መሐል ወይም ከመሐል ወደ ውጭ ነው፤ ግፊቱ በዘንጉ ውስጥ ያልፋል። በርን በማጠፊያው በኩል ብትገፋው ይከፈታል? ጎን ላይ ያሉት ቢበዛ አፍንጫውን ወደ ጎን ይመልሳሉ፣ ራደር ናቸው። ላይና ታች ብትቆርጣቸው ደግሞ አፍንጫውን ሽቅብና ቁልቁል የሚመልስ ኤሌቬተር ይሆኑ ነበር።

የሚያሽከረክር ኃይል የሚገኘው ከዘንጉ ወደ ውጭ ከቆመ ገጽ ነው፤ የጥንዚዛዋ አራት ክንፎች እንደዚያ ነበር የቆሙት። አሁን ከፎም አራት ቁራጭ አውጣ፤ ርዝመታቸው 10፣ ወርዳቸው 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከፕሮፔለሩ ኋላ፣ ንፋሱ በሚመታበት ቦታ፣ ዘንጉ ላይ በመስቀል ቅርጽ ለጥፋቸው። ቀጥ ብለው ቢቆሙ እንኳ የንፋሱን ሽክርክሪት ስለሚቀበሉ ጥምዘዛውን በከፊል ይመልሱልሃል። የግራውንና የቀኙን በማጠፊያ አድርገህ ሰርቮዎቹን ወደ እነሱ አዛውር፤ ሲጀመር የግራው የኋላ ጠርዝ ትንሽ ወደ ታች፣ የቀኙ ወደ ላይ ይሁን። በሙሉ ኃይል እንዳትጀምር።

ጋሼ መዝገብ፦
እኔ ሳላስበው የተናገርኩት ነገር የለም።

ቀጥ ያለ፦
ባትሪውንም ከዘንጉ አውርዶ የቀለበቱ ወለል ላይ ያስቀምጠው። ቀለበት ዙሪያውን አንድ ዓይነት ስለሆነ የትኛው ላይ የትኛው ታች እንደሆነ አያውቅም፤ ክብደቱ ከታች ከሆነ ያውቃል። ወደ ጎን ሲንሸራተትም አየሩ ከክብደቱ መሐል ከፍ ባለ ቦታ ይገፋውና ያቃናዋል።

እትዬ ብሎን፦
በዚህ እስማማለሁ። ግን ሞተሩ ከክብደቱ መሐል ከፍ ብሎ ስለሚቀር ኃይል ሲጨመር አፍንጫው ሊደፋ ይችላል። ለነገ አንዱን ብቻ ይሥራ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየረ ምን እንደረዳው አያውቅም።

ወረቀት ክንፍ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ። ቁራጮቹን ለጥፌያለሁ፣ ሙጫው እየደረቀ ነው። ልጁ አልተኛም፣ እኔም አልተኛሁም። ነገ እጽፋለሁ።

ዙሪያ ገጠም፦
ሦስት ቀን ሆነ። ወይ በረረ፣ ወይ ልጁ አባቱን ከሥራ አሰናበተ።

አዲስ ገቢ፦
ይህን አንብቤ እኔም ቀለበት ሠራሁ። እትዬ ያሉትን መስቀል ከኋላ፣ ጭራው አካባቢ ለጠፍኩ። መሾሩ ቆሟል። አሁን ግን ገና ሲለቀቅ ሽቅብ ያንጋጥጥና ቆሞ ወደ ኋላው ይወድቃል። ወረቀት ክንፍ፣ ያንተስ እንዲህ አድርጓል?

ባለሙጫው፦
አፍንጫው ላይ ክብደት ጨምር።

እትዬ ብሎን፦
ዛሬስ ልክ ነው። መስቀሉና ሙጫው ጭራውን አክብደውብሃል፤ የክብደቱ መሐል ከቀለበቱ ፊተኛ ጠርዝ፣ ከፊት ወደ ኋላ ያለውን ርዝመት አንድ አራተኛ ያህል ገብቶ፣ ወይም ከዚያ ትንሽ ቀድሞ እስኪውል ድረስ ጨምር።