«ሽባ አደረጓት» የተባለው ነገር

የሀና እናት፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ «የሚጥል በሽታ ኦፕራሲዮን እናደርጋለን ብለው ወስደው በማደንዘዣ እጇን ሽባ አደረጓት» ተብሎ የተጻፈውን አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የኔም ልጅ የዋዳ ምርመራ ተደርጎላታል፤ ከኦፕራሲዮኑ በፊት አንዱን የአንጎል ጎን ለደቂቃዎች አስተኝተው ቋንቋና ትውስታ በየትኛው ጎን እንዳለ የሚያዩበት ነው። ሁለት እጇን አንስታ ስትቆጥር ማደንዘዣው፣ አሞባርቢታሉ፣ ገባ፣ ቀኝ እጇ ወደቀ። ስትወጣ በዚያው እጇ ነው የጨበጠችኝ። ሽባ የሚባለው ይሄ ነው?

የጉለሌው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እጅ ከወደቀ ሌላ ምን ልበለው? አንጎል ሲሠራ በምስል የሚያሳየው ኤፍ ኤም አር አይ እያለ ግማሽ አንጎል ማስተኛት ለምን አስፈለገ? የአሜሪካ የኒውሮሎጂ አካዳሚ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ቋንቋ በየትኛው ጎን እንዳለ ለማወቅ በዋዳ ፈንታ እሱን መጠቀም ይቻላል ብሏል።

ነርሷ፦ ለአንዳንድ ታካሚዎች ነው ያለው፣ ለሁሉም አይደለም። የእጁ መዛል ደግሞ ምልክት ነው። መድኃኒቱ በግራ አንገት ደም ስር ከገባ የሚዝለው ቀኝ እጅ ነው፤ ግራው አንጎል መተኛቱን የምናውቀው በዚያ ነው። ጉልበቱ ሲመለስ መድኃኒቱ እየለቀቀ ነው። ጁን ዋዳ ጃፓን ውስጥ ይህን ካሳተመ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው!

የጉለሌው፦ «ምልክት» አልሽው? መድኃኒቱን ለመስጠት ከብሽሽት እስከ አንገት ቱቦ ገብቶ ስትሮክ ለመታው ሰው ቤተሰብም «ምልክት ነው» ትያቸዋለሽ?

ነርሷ፦ ስትሮክ አልፎ አልፎ ይከሰታል፣ አልክድም። እሱ ግን ጉዳት ነው። ለደቂቃዎች የዛለ እጅ ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ አታድርጋቸው።

ግራ እጅ፦ እኔ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። በተመራማሪዎቹ በራስሙሰንና በሚልነር እ.ኤ.አ. የ1977 ጥናት፣ በቀኝ ከሚጽፉት ከመቶ 96ቱ ቋንቋቸው በግራ አንጎል ነው። እኛ ጋ 70 ገደማ። በግምት ቆርጠውኝ አፌ ቢያዝስ? እጄ አስር ጊዜ ይውደቅ።

ብሩክ፦ ቆይ፣ አሞባርቢታሉ ባርቢቹሬት ከሚባለው የመድኃኒት ወገን ከሆነ፣ እህቴ አገር ቤት ለሚጥል በሽታ የምትውጠው የዚያው ወገን ፊኖባርቢታልም እጇን ሊያሽመደምዳት ነው? ላስቁማት?

ነርሷ፦ በፍጹም! በአንጎል ደም ስር በቀጥታ የሚሰጥ ሌላ፣ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ሌላ። ፊኖባርቢታል በድንገት ከተቋረጠ የማያቆም መናድ ሊያመጣ ይችላል፣ ሰው ይሞታል። የጉለሌው፣ «ሽባ» ያልከው የት እንደደረሰ አየህ?

የጉለሌው፦ መድኃኒት አቁሙ የሚል ቃል ከኔ አልወጣም። በአፌ አታስገቢ።

የሀና እናት፦ ታዲያ ቃሉን አንሳው። ነገ ኦፕራሲዮን የሚጠብቅ ሰው ያነበዋል።

የጉለሌው፦ መጀመሪያ የኤፍ ኤም አር አዩን ጥያቄ መልሱልኝ።

ነርሷ፦ ኤፍ ኤም አር አይ የትኛው ቦታ እየሠራ እንደሆነ ያሳያል። የሚቀረው ጎን ብቻውን ትውስታን ይሸከማል ወይ የሚለውን ግን ያኛውን አስተኝተህ ነው የምታየው።

የጉለሌው፦ «አስተኝተህ»። እሺ፣ እሱንም ቃል ነገ እንነጋገርበታለን።