እናቴን ትራንዚት ላይ ያስቆሟት በስሟ አጻጻፍ ይሆን?

የጣና ዳር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከባሕር ዳር ነኝ። እናቴ ባለፈው ወር እህቴን ልታርስ ወደ ዋሽንግተን ሄዳለች። ረከስ ይላል ብለን ከአዲስ አበባ በሌላ አየር መንገድ ነው የቆረጥንላት። ከዚህ እስከ አዲስ ማንም ምንም አላላትም። ሰው አገር ትራንዚት ላይ ግን ለብቻዋ ጠርተው ሁለት ሰዓት ሙሉ አስቀመጧት። እንግሊዝኛ አትችል፣ ስልኳ ባትሪ ጨርሷል። በኋላ አንዲት ሐበሻ ሠራተኛ ደርሳ፣ ስምዎ ከሌላ ሰው ስም ጋር ተመሳስሎ ነው አለቻት። እናቴ እኮ ከጊዮርጊስና ከገበያ በቀር የትም አታውቅም! ስሟ በ"ወለተ" ይጀምራል፤ ፓስፖርቱ ላይ ተያይዞ፣ ትኬቱ ላይ ተለያይቶ ነው የተጻፈው። ይሄ መረጃ ከማን ወደ ማን ነው የሚሄደው? የኛ ደህንነቶች ናቸው የሰጧቸው? ስትመለስስ ደግመው ያስቆሟት ይሆን?

ትኬት ቆራጭ፦
አይዞሽ እህቴ፣ በየጊዜው የማየው ነገር ነው። ትኬት ሲቆረጥ የሚመዘገበው፣ ማለትም ስም፣ ስልክ፣ አከፋፈል፣ አብሮ የሚሄደው ሰው፣ ፒኤንአር ይባላል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ደግሞ ኤፒአይ ነው። አየር መንገዱ ሁለቱንም ለመዳረሻው አገር ይልካል፣ ግዴታ አለበት። የተመድ የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በውሳኔ 2396 አገሮች ሁሉ እንዲሰበስቡት አዟል። አሜሪካ ለሚሄድ ደግሞ ሴኪዩር ፍላይት የሚሉት አለ፦ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና ጾታ ከበረራው 72 ሰዓት ቀደም ብሎ ለአሜሪካኖቹ ይደርሳቸውና ከሚጠረጠሩ ሰዎች ዝርዝራቸው ጋር ያመሳክሩታል። ስለዚህ የኛ ሰዎች እጃቸው ላይኖርበት ይችላል። የኛ ስም ነው ጣጣው። የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአያት ስም "ላስት ኔም" ተብሎ ይገባል፣ "ፀሐይ"ን በላቲን አምስት ዓይነት አድርገን እንጽፋለን። ማሽኑ ምን ያድርግ?

ዝምተኛው ሐይቅ፦
"ማሽኑ ምን ያድርግ" አትበል እንጂ ወንድሜ። መረጃው ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው በደቂቃ ይገለበጣል። ስህተት አርሙ ስትል ግን ሁሉም "እኔ አይደለሁም፣ ከእነሱ ነው የመጣው" ይላል። አውሮፓ ፒኤንአሩን እስከ 5 ዓመት ሊያስቀምጡት ይችላሉ፣ ስሙን ከ6 ወር በኋላ ቢሸፍኑትም። እኛ ጋ በ2016 ዓ.ም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፣ ጥሩ ነው። ትራንዚት ላይ ለተቀመጠች እናት ግን ምን ይሠራላታል?

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ መሥሪያ ቤቶቹ መረጃ ካልተለዋወጡም መዘዙ ቀላል አይደለም። በኛ እንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1994፣ ኒውዮርክና ዋሽንግተን ላይ ጥቃት ካደረሱት ሁለቱን ሲአይኤ ቀድሞ ያውቃቸው ነበር። አሜሪካ መግባታቸውን ኤፍቢአይ በጊዜ አልሰማም። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በፈረንጆች ገና ዲትሮይት ሊደርስ የነበረ አውሮፕላን ውስጥ ቦምብ ሊያፈነዳ የሞከረው ናይጄሪያዊ፣ የገዛ አባቱ አቡጃ የአሜሪካ ኤምባሲ ድረስ ሄደው ልጄ ያሰጋኛል ብለው ነበር። ኤምባሲው መረጃውን አስተላለፈ፤ ግን ስሙ ሲጻፍ ተሳሳተና ቪዛ እንዳለው ሳይታወቅ ቀረ። ፊደል የልጅቱን እናት አስቀመጠ፣ ያንን ደግሞ አሳለፈ! እኔን የሚያሳስበኝ መለዋወጣቸው ሳይሆን፣ የተዛባውን ማንም ሳያጣራ ማስተላለፋቸው ነው።

የጣና ዳር ልጅ፦
እናመሰግናለን ጋሼ። ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?

ትኬት ቆራጭ፦
መጀመሪያ የመመለሻ ትኬቱን ስም ልክ እንደ ፓስፖርቱ አስይዢ፣ ክፍተት እንኳ አይለያይ። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት ትሪፕ የሚባል የአቤቱታ አገልግሎት አለው፤ በነፃ ነው፣ ዜግነት አይጠይቅም። እህትሽ እዚያው ትሙላላት። ሬድረስ ነምበር የሚሉት ቁጥር ይሰጣታል፣ ወደፊት አሜሪካ ስትሄድ ትኬቱ ላይ ይገባል። የሌላ አገር ፍተሻ ላይ ግን አይሠራም። ትኬቱንና የፓስፖርቱን ፎቶ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።

የጣና ዳር ልጅ፦
ልኬልሃለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴን አሁን ደውዬ ነገርኳት። አላመነችኝም፣ "በርበሬው ነው እንጂ ስሜ ምን አደረጋቸው?" አለችኝ።