የሁለቱ ኦሲሌተሮች መርገብገብ በላይኛው ኖታ ላይ ይፈጥንብኛል፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በሲንተሳይዘሬ ላይ ሰፊና ሞቅ ያለ ድምፅ ለመሥራት ሁለቱንም ኦሲሌተሮች (ድምፅ አመንጪ ክፍሎች) በመጋዝ ጥርስ ሞገድ አዘጋጅቼ፣ ሁለተኛውን በ7 ሴንት (ሴንት የግማሽ ቃና አንድ መቶኛ ነው) ከፍ አደረግሁት። በታችኛው ኖታ እጅግ ያምራል፤ ድምፁ የሚተነፍስ ይመስላል! ወደ ላይ ስወጣ ግን መርገብገቡ እየፈጠነ ዜማውን ያውክብኛል። ምክንያቱ ገብቶኛል፦ ያው 7 ሴንት ኖታው ከፍ ባለ ቁጥር በኸርዝ ስለሚሰፋ፣ በ110 ኸርዝ ላይ በሰከንድ ግማሽ ጊዜ እንኳ የማይሞላው መርገብገብ፣ በ880 ኸርዝ ላይ ከ3 ተኩል ጊዜ በላይ ይሆናል። ያቃተኝ መፍትሔው ነው። ኤልኤፍኦውን (ድምፁን በዝግታ የሚያወዛውዘውን ክፍል) ባጠፋም ለውጥ የለም። የቁልፉን ከፍታ የሞዱሌሽን ምንጭ (ሌላ ቅንብርን የሚለዋውጥ) አድርጌ ከሁለተኛው ኦሲሌተር ቃና ጋር በአሉታዊ መጠን አገናኘሁት፤ መጠኑን ጥቂት ስጨምር ግን ኖታው ራሱ ከቃናው ይወጣል። ትክክለኛውን መጠን በምን ልለካው? ወይስ ልዩነቱን ከሴንት ይልቅ በኸርዝ የማስተካከያ ሌላ መንገድ አለ? ይህን ድምፅ ከልቤ ወድጄዋለሁ፤ የምታውቁ እባካችሁ አሳዩኝ።