ጥፋቱ የማን ነው? የመካኒኩ ወይስ የፓይለቱ?

ባለ ጋራዡ፦
ሰላም ወገን። ጅማ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። ባለፈው ሳምንት የአንድ አይሱዙ የኋላ ጎማ ፈትቼ ስገጥም፣ ዳዶዎቹን በእጅ ብቻ አስይዤ ስልክ ተደወለልኝና ወጣሁ። ረዳቴ ያጠበቅኳቸው መስሎት ክሪኩን አወረደ። ሾፌሩ ደግሞ «ከጋራዥ የወጣ መኪና ምን ይሆናል» ብሎ ዞር ብሎ ሳያይ ወደ አዲስ አበባ ነካው። ደግነቱ ሰርቦ ሳይደርስ ጎማው መንቀጥቀጥ ጀመረና ቆመ። ጊቤ ቁልቁለት ላይ ቢሆንስ ኖሮ? እንቅልፍ አጣሁ። አውሮፕላን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይፈጠራል? እዚያ ሁሉም በፊርማ ነው ሲባል እሰማለሁ።

የአባ ቡና ደጋፊ፦
መጀመሪያ ጋራዥህ የት እንደሆነ ንገረን፣ እንዳንመጣ። ሃሃ።

ሰማይ ጠቀስ፦
ይፈጠራል እንጂ! እ.ኤ.አ. በ2005 ከቆጵሮስ የተነሳውን የሄሊዮስ ቦይንግ 737 እይ። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ቴክኒሻን የካቢኑን አየር ግፊት ሲፈትሽ ማዞሪያውን ከአውቶ (ግፊቱን ራሱ ከሚያስተካክልበት) ወደ ማኑዋል (በእጅ ወደሚስተካከልበት) አዞረው። ለፍተሻው እንዲያ ነው የሚደረገው፣ ሲጨርስ ግን ሳይመልሰው ወረደ። ይሄ ብቻውን ሰው አይገድልም። ፓይለቶቹ ከመነሳታቸው በፊትም በኋላም ሊያዩት የሚገባ ነገር ነበር፤ ግን ሁሌ አውቶ ላይ የምታገኘውን ማዞሪያ አተኩረህ ታየዋለህ? አለፉት። ሽቅብ ሲወጡ አየሩ ሳሳ፣ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ድምፁ ደግሞ አውሮፕላኑ ለመነሳት በትክክል ሳይዘጋጅ ሲቀር መሬት ላይ ከሚጮኸው ጋር አንድ ነው፣ የዚያ መሰላቸው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ነው፦ መሬት ያለው መሐንዲስ በሬዲዮ ማዞሪያው አውቶ ላይ መሆኑን ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ ስለ ሌላ ነገር መለሰለት። ኦክስጅን ያጠረው ጭንቅላት እንዲያ ነው። ራሳቸውን ሳቱ፣ አውሮፕላኑ በአውቶፓይለት አቴንስ አካባቢ ሲዞር ቆይቶ ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ። 121 ሰው አለቀ።

ባለ ጋራዡ፦
ኧረ በስመአብ! ታዲያ ጥፋቱ የቴክኒሻኑ ነው ወይስ የፓይለቱ?

የሂርማታዋ፦
ወንድሜ፣ «የማን ነው» የሚለው ጥያቄ ራሱ አይጠቅምህም። አንተ ረዳትህን አመንክ፣ እሱ አንተን፣ ሾፌሩ ሁለታችሁንም። እ.ኤ.አ. በ1996 ፔሩ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው። አውሮፕላኑን ሲያጥቡ ከፍታና ፍጥነት የሚታወቅባቸውን የአየር ግፊት መለኪያ ቀዳዳዎች በፕላስተር ሸፍነው ሳያነሱት ቀሩ። ፕላስተሩ የአካሉን ቀለም ይመስላል። የፈተሸውም አላየው፣ ፓይለቱም ዞሮ ሲያይ አላየው። በሌሊት፣ ባሕር ላይ፣ ከፍታና ፍጥነት በሚዋሽ መሣሪያ በረሩ። 70 ሰው ሞተ። አውሮፕላን ላይ ለጊዜው የተሸፈነ ነገር ላይ ቀይ ጨርቅ የሚንጠለጠለው ለዚህ ነው፣ ሳይነሳ እንዳይበር። አንተም ያልጠበቀ ጎማ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰር። ጨርቁን ያሰረው ሰው እንጂ ሌላ አይፍታው።

የአባ ቡና ደጋፊ፦
ስልኩንም ይዝጋ!

ባለ ጋራዡ፦
እሺ፣ ስልኩም ተዘግቷል። ቀይ ጨርቁን ገዝቼ ስቆራርጥ ረዳቴ «ጋራዡን ሠርግ ቤት አደረግከው» ብሎ ሲስቅ ዋለ። ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ሚኒባስ ሥር ገብቶ ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ጨርቅ ለምን አልተፈታም?» ብሎ ጠራኝ። ሁለት ዳዶ ረስቻለሁ።