ከአሜሪካ የተላከ የሲቢዲ ዘይት ለሚጥል በሽታ ልስጠው ወይ?

የሳቢያን እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የስምንት ዓመት ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ፌኖባርቢታል ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ በጣም ረድቶት ነበር፣ ለወራት ሳይጥለው ይቆያል። ከክረምቱ ወዲህ ግን እንደገና ጀመረው። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ንጋት ላይ ነው። ክኒኑ ያው ነው፣ አልተቀየረም። ሲያልቅብኝ በድሮው መጠን እገዛለሁ። ሲጥለው ጎረቤት ክብሪት ጭሮ ያሸተዋል፣ አማቴ ጸበል ትረጨዋለች፣ እኔ ራሱን ደግፌ እጮኻለሁ።

ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው ያለው። በሰው እጅ ሲቢዲ የሚባል ዘይት ላከልኝ። «እዚህ ለሚጥል በሽታ በመንግሥት የተፈቀደ ነው፣ ከምላሱ ሥር ጠብ ጠብ አድርጊለት» ይላል። ጠርሙሱ ላይ ቅጠሉ ተሥሏል። ባለቤቴ ሲያየው «ልጄን ሃሺሽ ልታጠጪው ነው?» ብሎ በጣም ተቆጣ። ላዩ ላይ 30 ሚሊ ሊትር፣ 300 ሚሊ ግራም ይላል። ልጄ 20 ኪሎ ነው። ልስጠው? ከሰጠሁትስ ክኒኑን ላቁም? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የከዚራ ልጅ

አይዞሽ እህቴ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ይጥለኛል፣ ዛሬ በመድኃኒት ሥራዬን እየሠራሁ ነው። ስለ ዘይቱ አላውቅም። ክኒኑን ግን በራስሽ እንዳታቆሚ! የሰፈራችን ልጅ ተሽሎኛል ብሎ በአንዴ ተወው። በዚያው ሳምንት መንቀጥቀጡ አላቆም ብሎ በባጃጅ አጣድፈን ሆስፒታል አደረስነው። ደግሞ አቦ፣ ክብሪቱን ተዉት። ምንም አይረዳም።

ፋርማሲስት ከሐረር

እህቴ፣ ባለቤትሽም ወንድምሽም ከሚሉት ውስጥ እውነት አለ። አብራራለሁ።

ሃሺሽ የሚሠራበት ተክል፣ ካናቢስ፣ ውስጥ ብዙ ውህዶች አሉ። ሰውን የሚያሰክረው በዋናነት ቲኤችሲ የሚባለው ነው። ሌላው ውህድ ሲቢዲ ነው፣ እሱ አያሰክርም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችም ንጹሕ ሲቢዲ ሱስ የማስያዝ ባሕርይ እንዳልታየበት ጽፈዋል። ስለዚህ ንጹሕ ከሆነ ልጁን ሃሺሽ እንዳጨሰ ሰው አያደርገውም።

ወንድምሽ የሰማው መድኃኒት ኤፒዲዮሌክስ ይባላል። ከተክሉ የተጣራ ሲቢዲ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቀደው። የተፈቀደው ግን ለሁሉም የሚጥል በሽታ አይደለም። ድራቬ እና ሌኖክስ ጋስቶ ለሚባሉ፣ ብዙም ለማይታዩ ከባድ ዓይነቶች ነው። በ2020 ቱበረስ ስክሌሮሲስ ከሚባል ሕመም ጋር የሚመጣው ተጨመረ። ድራቬ ባለባቸው 120 ልጆችና ወጣቶች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ሲቢዲ ከወሰዱት መካከለኛው ልጅ በወር 12 ጊዜ ገደማ ይጥለው የነበረው ወደ 6 ገደማ ወረደ። ባዶ ፈሳሽ የተሰጣቸው ብዙም ለውጥ አላዩም። በየሁለት ቀኑ ልጇ ለሚወድቅባት እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አላቃልለውም። ግን ልጆቹ ሲቢዲውን የወሰዱት የነበራቸውን መድኃኒት ሳያቆሙ ነው።

አሁን ወደ ጠርሙስሽ እንምጣ። 300 ለ30 ሲካፈል በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ኤፒዲዮሌክስ 100 አለው። ሐኪም ሲያስጀምር ለአንድ ኪሎ 2.5 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለቴ ያዛል። ለ20 ኪሎ ልጅ በቀን 100 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በአንቺ ዘይት ቢሰላ 10 ሚሊ ሊትር ነው፣ ጠርሙሱ በሦስት ቀን ያልቃል። ያውም መጀመሪያው መጠን ነው፣ ከሳምንት በኋላ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከምላስ ሥር የሚንጠባጠቡት ጥቂት ጠብታዎች ከዚህ ጋር አይገናኙም። ሒሳቡን የሠራሁት ግን ጨምረሽ እንድታጠጪው አይደለም፣ በፍጹም!

ምክንያቱም ላዩ ላይ የተጻፈው ውስጡ መኖሩን በምን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶች ተመርምረው፣ መጠኑ በትክክል የተጻፈባቸው 31 በመቶ ብቻ ነበሩ። 18ቱ ውስጥ ቲኤችሲ ተገኝቷል። የባለቤትሽ ፍርሃት እዚህ ላይ ቦታ አለው። ሲቢዲ ራሱም እንቅልፍ ያበዛል፣ ተቅማጥ ያመጣል፣ ጉበት ሊነካ ይችላል፣ በተለይ ቫልፕሮኤት ከሚባለው ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ። ፌኖባርቢታልም ያስተኛል። ሁለቱ ሲደራረቡ ልጁ ክፍል ውስጥ እንዴት ይማራል? ሕጉንም አትርሺ። ካናቢስ አገራችን ውስጥ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 የሚያስጠይቅ ነገር ነው። በሻንጣ የመጣ፣ ቅጠሉ የተሣለበት ጠርሙስ ይዞ መገኘት ለቤተሰብሽ ሌላ ጣጣ ነው።

ከጠርሙሱ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «ክኒኑ ያው ነው» ያልሽው ነው። ፌኖባርቢታል ለልጅ የሚታዘዘው በኪሎ ነው። በአራት ዓመቱ የነበረው ክብደትና የዛሬው አንድ አይደለም። ልጁ አድጎ መድኃኒቱ ባለበት ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እኛ ፋርማሲ ውስጥ ይህን ብዙ እናያለን። እናት በድሮው ወረቀት እየገዛች ዓመታት ያልፋሉ፣ ልጁን ዳግም የሚያየው ሐኪም የለም። ስለዚህ ይመዘን። የማታው ክኒን የሚዘለልበት ቀን ካለ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሪ። በደንብ ይተኛል? ክረምት ላይ ትኩሳት ነበረው? ድሬ ወባ አለ፣ ትኩሳት ደግሞ የሚጥለውን ልጅ ያስነሳበታል። መጠኑ ተስተካክሎ ካልበቃው ካርባማዜፒንና ቫልፕሮኤት የመሳሰሉ ሌሎችም አሉ። የትኛው እንደሚስማማው የሚወስነው የአጣጣሉ ዓይነት ነው። ድል ጮራ ሆስፒታል ውሰጂው፣ ካልሆነም እኛ ጋ ሐረር፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ነይ።

የሳቢያን እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። መጠኑ በኪሎ መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሰኞ ይዤው እሄዳለሁ። ዘይቱን ለእናቴ ጉልበት ብሰጣትስ? ይቆረጥማታል። ለልብ ብለው ዋርፋሪን የሚባል ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ያዘዙላት ናት።

ፋርማሲስት ከሐረር

ለእናትሽም አይሆንም! ሲቢዲ ዋርፋሪን ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ሊያደርግ ይችላል፣ ያኔ ደም መፍሰስ ይመጣል። ለጉልበት ሕመም ሲቢዲ እንደሚረዳም ጠንካራ ማስረጃ የለም። ጉልበቷን ለሚከታተላት ሐኪም ታሳይ። የሕመም ማስታገሻም ቢሆን ከዋርፋሪን ጋር ራሷ ገዝታ እንዳትውጥ።

ለሰኞ ደግሞ፣ ከዚያ በፊት ከጣለው አንድ ሰው በስልክ ይቅረጸው። ሐኪሙ በየትኛው እጅ እንደጀመረ፣ ዓይኑ ወዴት እንደዞረ ማየት ይፈልጋል። አንቺ በጎኑ አስተኚው፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቢ፣ ሰዓት ያዢ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ቪዲዮውን ትታችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። የክኒኑንም ማሸጊያ ይዘሽ ሂጂ፣ ባለ 30 ይሁን ባለ 100 ሚሊ ግራም ከእሱ ያነባሉ።