የአማርኛ መስቀለኛ ቃላት ላይ ተይዣለሁ

እሁድ እሁድ ከእማዬ ጋር የጋዜጣ መስቀለኛ ቃላት እንሞላለን፤ ዛሬ አንዷ አላስኬድ አለችን። ቁልቁል 11፣ 3 ፊደል፣ «ያልፈላ የማር መጠጥ»። መሀሉ «ር» ነው፣ እሱ እርግጥ ነው፣ አግድም የሚያቋርጠው የአፄ ቴዎድሮስ መናገሻ ደብረ ታቦር ስለሆነ። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የእንግሊዝኛ መፍቻዎች ለጎደለው ፊደል የጥያቄ ምልክት ስታስገቡ ቃል ይደረድራሉ፣ የግዕዝ ፊደል ሳስገባ ግን ባዶ። በላቲን ስጽፈው የኛ አንዱ ፊደል ሁለት ይሆንና ቁጥሩ ይዛባል። ቻትቦት ብጠይቅ «ጠጅ» አለኝ፤ ጠጅ 2 ፊደል ነው፣ ያውም የፈላ! እማዬ ሳጥኑን ወረቀቱ እስኪሳሳ በላጲስ ፈግፍጋዋለች። መልሱን አትንገሩን፣ ራሳችን ማግኘት እንፈልጋለን። የመሀል ፊደሉንና የፊደሉን ብዛት ብቻ ይዞ የአማርኛ ቃል የሚፈልግ ድረ ገጽ ወይም አፕ የምታውቁ አላችሁ?